«አታስብ» ማለት ምክር አይደለም

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤተሰብ ያለው ሰው ባሕር ዳር ይኑር አዲስ አበባ፣ ጅዳ ይኑር ዋሽንግተን፣ በአንድ ነገር ይመሳሰላል። ደውሎ ስልክ ሳይነሳለት ሲቀር ሆዱ የሚገለባበጥበት ፍጥነት አንድ ነው። ሌላ ቦታ ስልክ አለመነሳት ማለት ሰውዬው ስልኩን ቤት ጥሎ ወጥቷል ማለት ነው። እዚህ ግን «ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም» የምትለው ድምፅ ተናግራ ሳትጨርስ ጭንቅላታችን ሙሉ ፊልም ሰርቶ ይጨርሳል፦ መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው ታሞ፣ ቤት ተቃጥሎ፣ ለቅሶ ተቀምጠው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እናት ራሷ ትደውላለች። «ኧረ ምን ሆነሃል ልጄ፣ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው» ትላለች። ፊልሙ ይጠፋል፤ የጎዳው ሰውነት ግን እስከ ማታ አይረጋጋም።

ስለ ጭንቀት በስልካችን የሚደርሱን ምክሮች አብዛኞቹ ለሌላ አገር ሰው የተሰሩ ናቸው። ቲክቶክ ላይ አንዱ በሚያምር ሙዚቃ ታጅቦ «የምትፈሩት ነገር አይደርስም፣ ሁሉም በጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ፍኖተ ሰላምን አያውቃትም። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ይህች ከተማ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የአየር ጥቃት ደርሶባት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። ከዚያ በፊት፣ ሐምሌ 28፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሟል። እንግዲህ ይህን ያየ ወጣት «የምትፈራው አይደርስም» ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም። ደርሷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ግምት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከ5 ሰው አንዱ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ያሳያል። አራቱስ? አራቱም ቢሆኑ ያስባሉ። ይሄ ጽሑፍ በዋናነት ለአራቱ ነው፤ በሽታ ላልያዛቸው፣ ግን ሀሳብ ቀናቸውን ለሚበላባቸው።

አደጋው እውነት ከሆነ ምን ይደረጋል? እኔ የማምነው ይህን ነው፦ አደጋ መኖሩና ስለ አደጋው ቀኑን ሙሉ ማሰብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍርሃት ከፊት ለፊት ለመጣ ነገር ነው፤ ሩጥ፣ ተኛ፣ በሩን ዝጋ ይላል፤ ከዚያ ያልፋል። ሀሳብ ግን ገና ላልመጣው ነው፤ የሚያሠራን ሥራ የለውም፤ ለዚህ ነው የማያልቀው። የሚያስቸግረው ደግሞ ሀሳብ ሥራ መምሰሉ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅ የሆነ ነገር ያደረገ፣ ቤተሰቡን ሲጠብቅ ያደረ ይመስለዋል። ብዙ እናቶች «እኔ ካላሰብኩላቸው ማን ያስብላቸዋል» ይላሉ። ፍቅሩ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባ ላይ ያደረ እንቅልፍ ማጣት ቡሬ ያለን ሰው ከምንም አላዳነውም። ይልቁንስ ነገ ጠዋት በእርግጥ አንድ ነገር ማድረግ ቢያስፈልግ የደከመ ሰው ነው የሚያደርገው።

ስልኩ እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የማራቶን ውድድር ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ተመራማሪዎች ከ4,600 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ያገኙት ነገር የሚገርም ነው፦ በዚያ ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው ሲያዩና ሲሰሙ የዋሉ ሰዎች፣ ቦታው ላይ ከነበሩት ይበልጥ ተጨንቀው ተገኝተዋል። ቦታው ላይ የነበረው አንድ ጊዜ አየው፤ ስክሪን ላይ ያለው መቶ ጊዜ አየው።

ይህን ወደ እኛ ቴሌግራም አምጡት። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የቆሰለ ሰው ቪዲዮ ይመጣል፤ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ የሶስት ዓመት ቪዲዮም ሊሆን ይችላል፤ ከላይ «ሰበር» ተብሎ ተጽፎበታል። አስር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ያንኑ አንድ ወሬ አስር ጊዜ ይሰማል፤ አእምሮው ግን አስር ወሬ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዜና አትስሙ ማለቴ አይደለም። ቤተሰቡ ጃቢ ጠህናን ያለ ሰው መንገድ መከፈቱን ማወቅ አለበት። የምለው፣ ዜና ሰዓት ይኑረው ነው። አያቶቻችን የሬዲዮ ዜና በሰዓቱ ከፍተው ሰምተው ይዘጉ ነበር፤ ያ ልማድ ዛሬ ሲታይ ከሳይንስ አይተናነስም። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሥራ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከምታምኑት ሁለት ምንጭ። ከመኝታ በፊት አይሁን። የግሩፖቹን ድምፅ ዝጉና የእናታችሁን ጥሪ ክፍት ተዉት። ሁለቱን ለይቶ መዝጋት የማይችል ስማርት ስልክ የለም።

ስለ ጥሪ ካነሳን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ነገር አንድም መተግበሪያ አያስፈልገውም፦ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መስማማት። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ሁሉም ዝምታ አደጋ ከሆነ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን ተነጋገሩ። «በሳምንት ሁለት ቀን፣ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ። ካላገኘሁ ኔትወርክ ነው ብዬ እይዛለሁ። ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን እገሌን እጠይቃለሁ።» ያ እገሌ ማን ይሁን? ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ከተማ የሚኖር ዘመድ፣ የመስመር ሹፌር፣ ቁጥሩ በወረቀት ላይም የተጻፈ ሰው። ሲገናኙ ደግሞ «ደህና ነን» ብቻ ብሎ መዝጋት ጥሩ አይደለም። የገጠር ቤተሰብ ችግር መደበቅ ይወዳል፤ «እንዳያስብ» ብሎ። ልጅየው ግን አንድ ጊዜ እንደደበቁት ካወቀ ከዚያ በኋላ «ደህና ነን» ሲሉት አያምንም፤ በጎ ዜናውም ያስጨንቀዋል። የታመመ ካለ ታሟል በሉት፤ አብሮ የሚያደርገውም ንገሩት።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ሀሳብ ልሂድ፣ ማታ ማታ ወደሚመጣው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ቦርኮቬክ ከባልደረቦቹ ጋር በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፦ ለሀሳብ ቀጠሮ ስጡት። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ። በሌላው ሰዓት ሀሳብ ሲመጣ አታባርሩት፤ ማባረር አይቻልም፣ ሞክሩት፣ ይብስበታል። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ና» በሉትና በአንድ ቃል ጻፉት፤ ኪራይ፣ ፈተና፣ አባዬ። ሰዓቱ ሲደርስ ቁጭ ብላችሁ በደንብ አስቡ። ግማሹ ሀሳብ በቀጠሮው አይመጣም፤ ቀን ላይ ተራራ የነበረው ነገር ወረቀት ላይ ሲነበብ ተረስቷል። የቀረው ግማሽ ግን መታሰብ የሚገባው ነው። አልጋ ላይ አይሁን ብቻ። አልጋ ለመተኛ ነው፤ ሀሳብ የለመደ አልጋ እንቅልፍ አይሰጥም።

ቀጠሮው ላይ ምን ይደረጋል የሚለው ነው ዋናው። የዓለም ጤና ድርጅት በችግር ውስጥ ላሉ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው በ5 ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥልጠና አለ። በፓኪስታን ፔሻዋር፣ ግጭት ባደቀቃት ከተማ፣ በ346 ሰዎች ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል፦ ሥልጠናውን ያገኙት ሰዎች ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ቀንሷል። የሰጡት ደግሞ ሐኪሞች አልነበሩም፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ተራ ሰዎች ናቸው። እኔን የሳበኝ ፔሻዋር መሆኗ ነው። እዚያም «የምትፈራው አይደርስም» አይባልም።

በዚያ ሥልጠና ውስጥ አንድ ቀላል ሥራ አለ፦ ሀሳብን ሶስት ቦታ መክፈል። አንዱ ልፈታው የምችለው። ሁለተኛው የማልፈታው። ሶስተኛው ይህን ያህል መታሰብ የማይገባው። ከመጀመሪያው ውስጥ አንድ ብቻ መርጦ፣ ያንኑ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሊሠራ ወደሚችል ትንሽ እርምጃ መከታተፍ።

በምሳሌ እንየው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነሽ እንበል፣ ጅጋ ወይም ማንኩሳ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በብሔራዊ ፈተናው ግማሽ ያመጣው ተማሪ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ፦ በዚያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ይህን ቁጥር አይቶ የማይጨነቅ ተማሪ ቁጥር አልገባውም። በዚያ ላይ ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጠል ከርሟል። አሁን ወረቀቱን አውጪ።

የፈተናው ክብደት፣ የማለፊያው ነጥብ፣ ባለፈው ዓመት የተዘጋው ትምህርት፣ የነገ ሰላም፦ እነዚህ የማትፈቻቸው ናቸው። ይጻፉ፤ መጻፋቸው ይበቃል። «ጎረቤት ምን ይለኛል» የሚለውን ሶስተኛው ላይ አድርጊው። እሱ ሶስተኛው ላይ መቀመጥ እንደማይፈልግ አውቃለሁ፤ አገራችን ውስጥ የጎረቤት አፍ ከፈተና ወረቀት በላይ ያስፈራል። የሆነው ሆኖ ጎረቤት አርሞ ውጤት አይሰጥሽም። ልትፈቺው የምትችይው ላይ ምን ቀረ? የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መሠረቱ ስላልገባሽ የአስራ ሁለተኛው እንደማይገባሽ ታውቂያለሽ። እንግዲህ የዚህ ሳምንት እርምጃ «ሒሳብ ማጥናት» አይደለም፤ እሱ ሰፊ ነው፣ ሰፊ ነገር ራሱ ያስጨንቃል። እርምጃው «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከእገሊት ጋር የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ምዕራፍ አስር ጥያቄ መሥራት» ነው። መጽሐፉ ስልክሽ ላይ ኢንተርኔት በማይፈልግ መልኩ ይውረድ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን። እና ሁለተኛ እርምጃ አለ፣ ብዙ ሰው የማይነካው፦ ባይሳካስ? ሬሜዲያል አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ አሉ። ተከፍቷል ማለት ሥራ ተገኝቷል ማለት እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን «ካልተሳካ ሁሉም አበቃ» የሚለው ሀሳብ የሚያስፈራው ከኋላው ያለውን ስላላየነው ነው። አንድ ከሰዓት ሁለተኛ መንገድን መጠየቅ ላይ ማዋል የመጀመሪያውን መክዳት አይደለም።

የበርበሬ ነጋዴው፣ የማዳበሪያ ዋጋ ያስጨነቀው ገበሬ፣ የባጃጅ ዕዳ ያለበት ልጅ፣ ለሁሉም ወረቀቱ አንድ ነው፤ የሚጻፍበት ብቻ ይለያያል። ነጋዴው መንገዱን መክፈት አይችልም፤ ዕቃው እንዳይነቅዝ ማድረግና አበዳሪውን ቀድሞ ማነጋገር ግን ይችላል። አበዳሪ የሚቆጣው ዘገየህ ብሎ ሳይሆን ጠፋህ ብሎ ነው።

ስለ ሰውነት ብዙ አልልም፤ የሚባለው ሁሉ ተብሏል። አንድ ብቻ፦ ልብ ሲመታ ትንፋሽን ቀስ ማድረግ ይሠራል፤ በተለይ አወጣጡን። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከገባበት ረዘም አድርጎ ማውጣት፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ረጅም አወጣጥ የልብ ምትን ያቀዘቅዛል። ታክሲ ውስጥም፣ ፈተና ክፍል ውስጥም ማንም ሳያውቅባችሁ ይሠራል። ማታ ሶስተኛ ቡና ጠጥቶ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ግን ሀሳቡን ከመክሰሱ በፊት ሲኒውን ይክሰስ። አረቄም እንቅልፍ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ ያመጣል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መልሶ ይወስደዋል።

የምወደው ታሪክ ከዚምባብዌ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚው ወደ እሱ መምጫ የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ራሷን ካጠፋች በኋላ ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣበትን ሳይሆን እርዳታው ወደ ሰፈር የሚሄድበትን መንገድ ፈለገ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሀራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለ ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰውን ሀሳብ ይሰማሉ፤ ከዚያ ከላይ ያልኩትን ዓይነት ሥራ ያሠራሉ፦ ከችግሮችህ አንዱን ምረጥ፣ ምን ታደርጋለህ፣ መቼ፣ ሳምንት ንገረኝ። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ላይ ተጠንቶ ከስድስት ወር በኋላ የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። አሮጊቶቹ በሽታውን በባዕድ ስም አይጠሩትም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ከመጠን በላይ ማሰብ። የኛ እናቶችስ ምን ይላሉ? «ሀሳብ አበዛ»፣ «ሀሳብ ነው የጎዳት።» ቃሉ አለን። አሮጊቶቹም አሉን።

ቡናውም አለን፣ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ደቦውም። ግን እዚህ ጋ ራሳችንን ባናሞካሽ ጥሩ ነው። ቡና ላይ ሀሳብ የሚቀልበትን ያህል የሚጨመርበት ቀንም ብዙ ነው፤ አንዷ የሰማችውን ታወራለች፣ ሌላዋ ትጨምርበታለች፣ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ሁሉም ተሸብሮ ይነሳል። የተጨነቀ ሰው ሲናገር ደግሞ ከአፉ ነጥቀን «አይዞህ፣ አታስብ፣ ፈጣሪ ያውቃል» እንለዋለን። ከልብ ነው የምንለው። ሰሚው ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ይላል? የዚምባብዌዎቹ አሮጊቶች ከኛዎቹ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ ይጠይቃሉ። «ከሁሉ የከበደህ የትኛው ነው?» ብለው ዝም ይላሉ። ወንዶች ጋ ደግሞ ይብሳል። ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ ስለ ጥይት ያወራል፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ አያወራም። ጓደኛችሁ ሰሞኑን ከተለመደው በላይ ከሳቀ ወይም ከተለመደው በላይ ከጠጣ፣ ሥራ እያገዛችሁት ጠይቁት። ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ጎን ለጎን ሆኖ እያረሙ ወይም ባጃጅ እያጠቡ ማውራት ለወንድ ይቀለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ።

ወረቀትና ትንፋሽ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍም ምግብም ከቀረ፣ ያየኸው ነገር በቀን በሕልምህም እየተመላለሰ ሰውነትህን ካንቀጠቀጠው፣ መኖር ዋጋ የለውም የሚል ሀሳብ ከመጣ፣ ያ የዕለት ተዕለት ሀሳብ አይደለም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይኬድ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ሰው ይዛችሁ። ፀበል የሚሄድም ይሂድ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ መድኃኒትም ነገሩ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰላም የማምጣት ሥራ የሌሎች ሆኖ ሳለ ጭንቀቱን ችሎ የመኖር ሥራ ለአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ሲሰጥ ፍትሕ አይደለም። በትንፋሽ ልምምድ መንገድ አይከፈትም። ስለዚህ ጤና ቢሮዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሴቶች ልጆችን አሠልጥኖ አሰማርቷል፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት በር ለበር አስተምረዋል፤ ሕዝቡም ያውቃቸዋል። ፔሻዋር ውስጥ ተራ ሰዎች የሰጡትን የ5 ክፍለ ጊዜ ሥራ እነሱ የማይሰጡበት ምክንያት የለም። መድኃኒት አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሥልጠና፣ ደመወዝ በሰዓቱ፣ እና እነሱንም «ከሁሉ የከበደሽ የትኛው ነው?» የሚል ሰው ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ያየነውን ሁሉ እነሱም አይተዋል።